በኮባ የተቀባው ቁጥር

ክረምት ላይ ወልቂጤ ውስጥ ቀለም የቀባ ሰው ትዕግሥት ምን እንደሆነ ይነግራችኋል። አይደርቅማ! በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ደግሞ ጉሙ የጋራዡ ግቢ ገብቶ አልወጣም አለ። ግቢው መሀል የቆመችው አሮጌ የጦር ጂፕ ጎማ የሌላት ይመስል ጉሙ ላይ ተንሳፋ ትታያለች። ቀለም ቀቢው ከማሉ «ዞር ካልኩ ትበራለች» እያለ በሆዱ ይስቅ ነበር።

ሻምበል ገሠሠ በሃምሳ ስድስቱ ጦርነት ኦጋዴን ላይ ሲቆስሉ ተሸክማ ያወጣቻቸው እሷ ናት። ጡረታ ከወጡ በኋላ ብትንትኗ ወጥቶ ከጨረታ ላይ አገኟት፤ አስበየዷት፣ ሞተሯን አስነሡ። የቀራት የድሮ ቁጥሯ ብቻ ነበር።

በቀደም ሚስታቸው ወይዘሮ ዓለምዘውድ ከማሉን ለብቻው ጠርተው፣ «ከእምድብር ክሊኒክ መመለሳችን ነው። ዓይናቸው እየጠፋ ነው፣ ልጄ። ቁጥሯን ሳያዩ እንዳይጨልምባቸው፣ እባክህ ቶሎ በል» አሉት። ከዚያ ወዲህ ከማሉ እንቅልፍ አጣ።

ከማሉ ለቁጥር መቅረጫ ካርቶን አይወድም፤ በእርጥብ አየር ያብጣል፣ ቀለሙም ከሥሩ ይሾልካል። እሱ ለጋ የኮባ ቅጠል በእሳት ለብለብ አድርጎ፣ ቁጥሩን በምላጭ ፈልፍሎ የጂፗ ኮፈን ላይ ይለጥፋል። ከዚያ በብሩሽ ጫፍ ጠቅ፣ ጠቅ። ቅጠሉ ከጠወለገ አለቀለት፣ ዳግም አያገለግልም። የዚያን ዕለት ጠዋት የኮፈኑን ቀኝ ጎን ጨርሶ ቅጠሉን ሲያነሣ፣ ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። «ማሻአላህ!» አለ ለራሱ። ግራው ጎን ገና አልተነካም።

ይኼኔ ሻምበል በሚስታቸው ክንድ ተደግፈው ደረሱ። ደረታቸውን ነፍተው በግራ በኩል ቆሙ፤ ምንም ያልተጻፈበት ኮፈን ላይ አፈጠጡ።

«እሰይ! አራት፣ አንድ፣ ሰባት! ወተት የመሰለ ነጭ! እጅህ ይባረክ፣ ከማሉ!»

ወይዘሮ ዓለምዘውድ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው በዓይናቸው ለመኑት። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ሲሉት ቀላል ነው፤ እስቲ እናንተ ተናገሩ!

«ደስ አለዎት፣ ሻምበል?» አለ እንደ ምንም።

«ደስ ነው እንጂ! ደርቋል እንዴ?» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። የቀለሙ ሽታ ገና ትኩስ ነው፤ እጃቸው ያገኘው ግን ደረቅ ብረት። ወዲያ ዳሰሱ፣ ወዲህ ዳሰሱ። ከዚያ እጃቸው ባለበት ቀረ።

«ከማሉ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የት ነው ያለው?»

ከማሉ ብሩሹን አስቀመጠ። እጃቸውን ይዞ በጂፗ ፊት ወደ ቀኙ ጎን አዞራቸውና ጣታቸውን እርጥቡ ቀለም ላይ አኖረው። ጣታቸው አራቱን ዞረ፣ በአንዱ ወረደ፣ ሰባቱን እስከ ጫፉ ተከተለ። ነጩ ቀለም ከሥሩ እየተንሸራተተ ቁጥሩን ደባለቀው።

«አበላሸሁብህ መሰለኝ።»

«ኧረ ምንም አልሆነም» አለ ከማሉ።

ጨርቁን አንሥቶ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ጠረገላቸው፤ ኮፈኑን ግን አልነካውም።