ከሶሪ በኋላ ያለው መልስ

በእንግሊዝኛ መለማመጃው ቴፕ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ሐሳቧን መቀያየር የማይታክታት ፍጡር ነበረች። ሆቴል ትደውልና ማክሰኞ እመጣለሁ ትላለች፤ ተቀባዩ ጽፎ ሳይጨርስ "ሶሪ" ብላ ሐሙስ ታደርገዋለች። ክፍሉ ለሁለት ሰው ነው ትላለች፤ "ሶሪ" ብላ ለሦስት ታደርገዋለች። የገዛ ስሟን እንኳ ፊደል በፊደል ስትናገር አንዷን ታበላሽና ትመለስባታለች። ባል ካላት እግዜር ይርዳው።

መምህርቷ ግን ይህቺን ሴትዮ በሚገባ ታውቃታለች። ብዙ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረች፣ ራሷም ፈተና ስታወጣ ተማሪ የሚገባበትን ጉድጓድ አስልታ የምትቆፍር ሰው ስለሆነች የሌላው ፈተና አውጪ ተንኮል አይሰወራትም። ለታናሽ ወንድሟም ደጋግማ ነግራዋለች፤ መጀመሪያ የምትሰማው ወጥመድ ነው፣ ሶሪ ስትል የጻፍከውን ሰርዝ፣ መልሱ ሁልጊዜ ከሶሪ በኋላ ነው የሚመጣው። ወንድሟ እሺ ይላል። ቴፑ ይከፈታል። ወንድሟ እርሳሱን አንስቶ ማክሰኞ ብሎ ይጽፋል።

ይህ ወንድሟ ዳባ ነው የሚባለው። እናቱ ያወጡለት ደህና ስም ነበረው፤ ግን ማንም አይጠራበትም። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ግቢው ውስጥ ጭቃ እያቦካ ሲጫወት እራት ቀረበ ተብሎ ቢጠራ፣ ቢጠራ ዞር አይልም ነበር። ያን ጊዜ እህቱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ትልልቆቹ እየሰማ እንዳልሰማ ስለሚሆን ሰው "ጆሮ ዳባ ልበስ አለ" ሲሉ ሰምታ ስለነበር፣ በሩ ላይ ቆማ "አንተ ጆሮ ዳባ!" አለችው። ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ስላስደሰታት በማግስቱም ደገመችው። ውሎ አድሮ "ጆሮ" ወደቀና "ዳባ" ብቻ ቀረ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህንን ያወጣችው ግን ማሳቅ የምትወድ አንዲት ልጅ ናት።

ዳባ አድጎ ጥርስ ሠሪ ሆነ። ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ በስተጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጀሶ በነካው ሽርጥ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲቀርጽና ሲሞርድ ይውላል። እጁ የተባረከ ነው። የሠራውን ጥርስ ያደረገ ሰው እንደ ልጅነቱ ይስቃል። ሰው ሲያናግረው ግን ዓይን ዓይን አያይም፤ አፍ አፍ ነው የሚያየው። የሥራ በሽታ ነው ብለው ይቀልዱበታል። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅማ "አፍ አፌን የሚያየኝ ወዶኝ ነው" ብላ ለጓደኞቿ አውርታ፣ ከዚያ የጽዳት ሠራተኛውን ሽማግሌም እንደዚሁ ሲያያቸው አይታ ነበር የተወችው።

የክሊኒኩ ሐኪም ያን እጅ አይተው ዕድል ፈልገው አገኙለት። የሸክላ ጥርስ አሠራር የሚያስተምር ትልቅ ተቋም ሊቀበለው ፈቀደ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ የእንግሊዝኛውን ፈተና አራቱንም ክፍል ማለፍ። ዳባ ዓምና ማንበቡንም፣ መጻፉንም፣ መናገሩንም አልፎ ማዳመጡ ላይ ወደቀ። ተቋሙ ሠላሳ ዓመት የሞላውን ሰው አይቀበልም፤ ዳባ ደግሞ ሠላሳን ሊደፍን ወራት ቀርተውታል። ስለዚህ የዘንድሮው የመጨረሻው ነበር።

መምህርቷ በወሊድ ፈቃድ ቤት ስለዋለች ዳባ ከሥራ ሲወጣ ወደ እሷ ይመጣል። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ እናታቸው ሶፋው ላይ ሆነው ለሕፃኗ ሹራብ ይሠራሉ። ቴፑ ይከፈታል፣ ሴትዮዋ ሐሳቧን ትቀይራለች፣ ዳባ ማክሰኞ ይላል። እናትየው እንኳ እንግሊዝኛ ሳያውቁ "ሶሪ" በተባለ ቁጥር "ይኸው ቀየረች" እስኪሉ ድረስ ቤቱ ሸምድዶታል።

አንድ ቀን ገና ሳይጨልም መብራት ጠፋ። መምህርቷ ጊዜው እንዳይባክን ብላ አዲስ ልምምድ አወጣችና የቴፑን ንግግር ከመጽሐፉ ላይ ራሷ አነበበችለት። ዳባ አንድ ሳይስት መለሰ። ደስ አላት። በማግስቱም አነበበችለት፤ አሁንም አንድ አልሳተም። ወዲያው ቴፑን ብትከፍትለት ተመልሶ እዚያው ማክሰኞው ላይ ተገተረ።

አስተማሪ ደግሞ ደስታዋ ዕድሜ የለውም፤ ጥርጣሬ ወዲያው ይደርስበታል። መልሶቹ ያሉት ከንግግሩ ግርጌ፣ እሷ ከያዘችው ገጽ ላይ ነው። ዳባ ደግሞ ስታነብ ዓይኑን ከእሷ አይነቅልም። ነገሩ ገባኝ አለች በልቧ። ስንቱን ኮራጅ ስትይዝ የኖረች ሴት በገዛ ወንድሟ ልትታለል? በሚቀጥለው ጊዜ መጽሐፉን ከፍ አድርጋ ፊቷን እስኪሸፍናት ድረስ እንደ መጋረጃ ያዘችና ከጀርባው ሆና ጥርት አድርጋ አነበበች። ስትጨርስ ወረቀቱን አየች። ሁለት መልስ ጽፏል፤ ሁለቱም ስሕተት ነው።

"እጅ ከፍንጅ ያዝኩህ" አለችው። ከዚያ ወደ ሶፋው ዞረች። "ሲኮርጅ ነው የከረመው፣ እማዬ። እኔ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አነባለሁ፣ እሱ መልሱን ከእጄ ላይ ይሰርቃል።"

ዳባ ፊቱ ቀላ። አልኮረጅኩም አለ፤ አንቺ ስታነቢው ይገባኛል፣ ቴፑ ግን ይፈጥንብኛል፣ አሁን ደግሞ ለምን እንደጠፋብኝ እኔም አላውቅም አለ። እውነቱን ነበር። እናትየው ልጄ ሌባ አይደለም ለማለት አፋቸውን ቢከፍቱ መምህርቷ ቀደመቻቸው። ከልጅነቱ ጀምሮ ስለምትደግፊው ነው እንዲህ የሆነው፣ ሰነፍ ብቻ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሌባም ነው አለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ዳባ እርሳሱን ከመጽሐፉ ጎን አስቀመጠና ጃኬቱን ለብሶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ለልምምድ አልመጣም። ጥርሱን እየሞረደ ክሊኒኩ ውስጥ ለብቻው ሲያዳምጥ ከረመና ተፈተነ። ውጤቱ ሲወጣ ማንበቡን አለፈ፣ መጻፉን አለፈ፣ መናገሩ ላይ ከሁሉ የበለጠ አመጣ፤ ማዳመጡ ላይ ወደቀ። መምህርቷ ይህንን ስትሰማ ይባስ ተናደደች። ፈታኙ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲጠይቀው እንዲህ የሚመልስ ሰው ማዳመጥ የሚያቅተው ስላልፈለገ ነው ብላ ለእናቷ አስረዳች። ዕድሉ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ዳባ ሠላሳ ሞላው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሕፃኗ ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ውላ ገና መተኛቷ ነበር። መምህርቷ ከክፍሉ ወዲያ ጫፍ ወንበር ላይ አቅፋት እንደተቀመጠች በሩ ተከፈተና ዳባ ገባ። ለእናታቸው የሠራላቸው የታች ጥርስ ተሰንጥቆ ስለነበር ጠግኖ አምጥቶታል። ሕፃኗ እንዳትነቃ ድምፅ ሳታወጣ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች፤ እማዬ ገበያ ወጥታለች፣ ጥርሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው።

"መቼ ትመለሳለች?" አለ ዳባ በሙሉ ድምፁ። "ሞክራው ካልሆነ ሊጠብባት ይችላል።"

ሕፃኗ ብንን አለች። መምህርቷ በብስጭት፣ አሁንም በከንፈሯ ብቻ፣ ምን ያስጮህሃል አለችው።

"አንቺስ እያወራሽ አይደለም እንዴ?"

መምህርቷ አሁን በድምጿ "እኔ ድምፅ አላወጣሁም" አለችው።

"እንዴት አላወጣሽም? ሰማሁሽ እኮ።"

ሊቀልድ እንደሆነ ፊቱን አየችው። ቀልድ የለበትም። ተነሳችና እማዬ እየመጣች እንደሆነ እስኪ በመስኮት እይልኝ አለችው። ዳባ ሄዶ መስኮቱ ላይ ቆመ። ከኋላው ሆና፣ ሰው ሰውን በሚጠራበት ድምፅ፣ "ዳባ" አለች። አልዞረም። ጠጋ ብላ እናቱ ባወጡለት፣ እሷ ከልጅነቷ ወዲህ ጠርታበት በማታውቀው ስሙ ጠራችው። ክንዷ ላይ ያለችው ሕፃን እንኳ ድምጿን ሰምታ ቀና ብላ አየቻት። ዳባ ግን ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ መንገዱን ይመለከት ነበር።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በአንዴ መጣባት። ስልክ ሲደወልለት አያነሳም፤ "ጻፊልኝ" ይላል፤ እሷ ደግሞ ኩራት ነው ትል ነበር። ሰው ከሳቀ በኋላ ነው የሚስቀው፤ እሷ ደግሞ ዘገምተኛ ነው ትል ነበር። በትንሽነቱ ጆሮው መግል ይይዝ እንደነበር፣ ትራሱ እየቆሸሸ እናቷ እንደሚያጥቡት ትዝ አላት። ከሁሉ ይልቅ ያ መጽሐፍ፣ ፊቷን የጋረደችበት፣ ዓይኗ ላይ ድቅን አለ። ልጁ የሚሰማበት አንድ መስኮት ነበረው፤ እሱንም ዘግታ ሌባ ያዝኩ ብላ ፎክራለች። አገር የሚያውቀውን ባለቤቱ ሳይሰማ ሲቀር ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዳባ ጆሮ ግን በእርግጥም ባዳው ነበር። ሰው ሁሉ እንደ እሱ የሚሰማ፣ ግን ከእሱ የሚፈጥን ይመስለው ነበር።

የጆሮ ሐኪም ዘንድ አብራው ሄደች። ሐኪሙ አንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገብተው ሲመረምሩት ቆዩና ነገሩ ከልጅነት የመጣ ነው አሉ። ወፋፍራም ድምፅ ይሰማል፤ ቀጫጭኖቹ፣ እነ ስ፣ እነ ፍ፣ አይደርሱትም፤ የጎደለውን ከሰው ከንፈር ላይ እያየ ይሞላዋል፣ ይህንን ማድረጉን ራሱም አያውቅም አሉ። ስለ ፈተናው ሲሰሙ አዘኑ። እንዲህ ላለ ተፈታኝ አስቀድሞ ከተነገረ ለብቻው ይፈተናል፣ ለምን አልጠየቃችሁም አሉ። በልጅነቱ ቤት ውስጥ የጠረጠረ ሰው አልነበረም ወይ ብለውም ጠየቁ፤ መውቀሳቸው አልነበረም።

"ኧረ ቤቱማ ቀድሞ አውቆታል" አለ ዳባ እየሳቀ። "ስሜን ራሱ ዳባ ብለው አይደል የሰየሙኝ?"

ሐኪሙም ሳቁ። መምህርቷ አልሳቀችም። ስሙ ባይኖር ኖሮ አንድ ሰው፣ ምናልባትም እሷ ራሷ፣ ይህ ልጅ ለምን አይዞርም ብሎ ይጠይቅ ነበር። ስም ስለነበረው ግን ጥያቄው ገና ድሮ ተመልሶ ተዘግቷል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም እያለች ለተማሪ ስትመክር የኖረች ሴት፣ የፈሰሰው የሰው ሕይወት ሲሆን ምን እንደሚባል አላወቀችም።

ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ዳባ ሐኪሙ ስላዘዙለት የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ ይናገራል፤ እንደ ጥርስ ቅርጽ ተወስዶለት ነው አሉ የሚሠራው፣ ቅርጽ ማውጣቱንማ እኔም እችልበታለሁ እያለ ይቀልዳል። መምህርቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እንባው አላቆም አላት። ከመዳፎቿ ኋላ ሆና ይቅር በለኝ አለችው።

"ምን አልሽ?"

ይቅር በለኝ፣ በደልኩህ አለች አሁንም እንደተሸፈነች።

"እትዬ፣ እጅሽን አንሺው" አለ ዳባ ቀስ ብሎ። "እንዲህ ሆነሽ አልሰማሽም።"

ለካ ተደብቆ ይቅርታ መጠየቅ እዚህ ቤት አይቻልም። እጇን አወረደች። የራሰውን፣ የተጨማደደውን ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። በአማርኛ ሦስተኛ ልትደግመው ብትሞክር አፏ እምቢ አላት፤ ከንፈሯ ላይ የመጣው ክረምቱን ሙሉ ስትሰማው የኖረችው የዚያች የሆቴል ሴትዮ ቃል ነበር።

"ሶሪ" አለችው።

ዳባ ከንፈሯን ትኩር ብሎ አየ። ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም።

"ይቺ ናት ቴፑ ላይ ያመለጠችኝ?" አለ። "መልሱ ሁልጊዜ ከሶሪ በኋላ ነው የሚመጣው ብለሽኝ የለ?"

ከዚያ እንደ ልማዱ አፍ አፏን እያየ ጠበቀ። እሷ ግን ከዚያ ቀጥላ የምትለው አልነበራትም።