ሰው በሰው

ኢፍቱ ዞር ብላ ሳታይ ኳሷን በራሷ ላይ አሳልፋ ወደ ኋላ ላከቻት። ኳሷ በፋብሪካው ግቢ ከቆመው የጭነት መኪና በላይ ከፍ ብላ ተንሳፈፈችና ፀዳለ በዘረጋችው መዳፍ ላይ አረፈች። ጋሽ መርዳሳ ሳቁ።

ሸዋወርቅ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር እያሰረች ነበር፤ ቀና አላለችም። ያን ሳቅ ታውቀዋለች። ከሆድ ይነሳና ሳል ሆኖ ያልቃል። ለናዝሬቱ ዘይት ፋብሪካ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን በተጫወተችባቸው ዘጠኝ ዓመታት ያን ሳቅ ከአሠልጣኙ ማውጣት የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች።

«ጎበዝ፣ ኢንተለ ኮ» አሉ ጋሽ መርዳሳ። ልጄ ማለታቸው ነው። እስከ ዓምና በዚህ ቃል የሚጠሩት ሸዋወርቅን ነበር።

«ዐይኗ ጀርባዋ ላይ ነው እንዴ?» አለች ፀዳለ። «ይህቺን የሚያገባት ሰው ጉዱ ፈላ። ዞር ብላ እንኳ አያመልጣትም።»

ልጆቹ ሳቁ። ኢፍቱም አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዓምና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ነጥብ ሳይመጣላት ቀርቶ በቀበሌው ሜዳ ስትውል፣ አግኝታ ያመጣቻት ሸዋወርቅ ራሷ ናት። ከሥራ በፊት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያስያዘች ኳስ ማቀበል አስተማረቻት። አቀባይ ማለት ቡድኑ የሚዞርበት ሰው ነው፤ ሌሎቹ ዘለው የሚመቱትን ኳስ የሚያዘጋጅላቸው። ያን ቦታ ዘጠኝ ዓመት የያዘችው ሸዋወርቅ ነበረች።

ያላስተማረቻት አንድ ነገር ነበር። ኢፍቱ ኳሷን ወደ ኋላ ልትልክ ስትል፣ ገና ኳሷ እጇ ሳይገባ አገጯ የአንድ ጣት ያህል ቀና ይላል። ወደ ፊት ስትልክ ግን አይነሳም። የጋሽ መርዳሳ ዐይን ኳሷን ስለሚከተል አላዩትም። ሸዋወርቅ ካየችው አምስት ወር ሆኗታል። ነገ እነግራታለሁ ትላለች። ነገ ይመጣል፤ ጋሽ መርዳሳ «ኢንተለ ኮ» ይላሉ፤ ሳትነግራት ትውላለች።

«ውጡ፣ መኪናው ላይ ውጡ» አለ ሾፌሩ። «ዝዋይ ቅርብ መሰላችሁ?»

የአስተዳደር ኃላፊው ጓድ ተክለሃይማኖት የጉዞ ፈቃዱንና የቤንዚን ኩፖኑን በኪሳቸው ይዘው ጋቢና ገቡ። ጋሽ መርዳሳ ግን እንደ ልማዳቸው ከተጫዋቾቹ ጋር ከኋላ ተሳፈሩ።

ለዝዋይ ጉዞ ምክንያቱ የሐሙሱ የስፖርት ኮሚቴ ስብሰባ ነበር። ቡድኑ ፈርሷል ማለት ይቻላል። አንዷ ድሬዳዋ አገባች፤ አንዷ ወልዳ ተኛች፤ ሦስተኛዋ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረች። የላብ አደሮች ቀን ውድድር ሁለት ወር ቀርቶታል። ፋብሪካው ለቡድኑ የፈቀደው አንዲት ክፍት የሥራ መደብ ብቻ ነው። ጋሽ መርዳሳ መደቧ ለኢፍቱ ትሰጥ፣ ሌሎቹንም ከቀበሌ ልጆች እናሳድግ አሉ። «በሁለት ዓመት ውስጥ ማንም አይችለንም።»

በስብሰባ ላይ ተናግራ የማታውቀው ሸዋወርቅ ያን ቀን እጇን አወጣች።

«ማሳደግ ጊዜ ይፈጃል» አለች። «በዝዋዩ የመንግሥት እርሻ ጉዲቱ የምትባል መቺ አለች። ያደገች፣ የበሰለች ናት። በዝውውር ብትመጣ ይሻላል።»

ያለችው ትክክል ነበር። ጉዲቱ መቺ እንጂ አቀባይ አለመሆኗን ግን ከሁሉም አስቀድማ ያሰበችው እሷ ነበረች።

ዝዋይ ሲደርሱ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ተነስቷል። ሜዳው ከእርሻው መጋዘን ጀርባ ነው፤ መስመሩ በኖራ ተሰምሯል። ጋሪ ነጂዎችና ሽንኩርት ለቃሚዎች ዙሪያውን ከበው ቆመዋል።

«ዘይት ይዛችሁ መጣችሁ?» አለ አንዱ ጋሪ ነጂ። «ዓሣው ከእኛ ነው፣ እንጠብሳችኋለን!»

«ዘይት በቀበሌ ካርድ ነው» አለች ፀዳለ። «ካርድህን አምጣና ተሰለፍ።»

ሰዉ ሳቀ። ጨዋታው ተጀመረ። የመጀመሪያውን ዙር ዘይት ፋብሪካ አሥራ አምስት ለአሥራ አንድ አሸነፈ። ጉዲቱ እንደተወራላት ናት፤ ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ስትመታ ድምፁ መጋዘኑን መትቶ ይመለሳል። ሸዋወርቅ አየቻትና ደስ አላት። ይህቺ ትምጣ፤ መደቧን ትያዝ፤ ኢፍቱም ወደ ቀበሌዋ ሜዳ ትመለስ።

ሁለተኛው ዙር ሊጀመር ሲል ጋሽ መርዳሳ ጠሯት።

«ሸዋዬ፣ ትንሽ አረፍ በይ። ልጅቷን ልያት።»

«አልደከመኝም፣ ጋሽ መርዳሳ።»

«አውቃለሁ። ልያት ብዬ ነው።»

ወጥታ ከጓድ ተክለሃይማኖት አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ኢፍቱ ገባች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኳሶች ወደ ፊት በሚገባ አቀበለች። በሦስተኛው አገጯ ቀና አለ። ኳሷ ወደ ኋላ ሄደች። ጉዲቱ እዚያው ቆማ ትጠብቃት ኖሮ ከመረቡ በላይ ሁለት እጇን ዘርግታ መልሳ ከመሬት አላተመቻት። አንድ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት። ከዚያ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።

ሸዋወርቅ ደስ አላት። ደስ ማለቱ አሳፈራት፤ ማፈሯ ግን ደስታዋን አልቀነሰውም።

ጋሪ ነጂው «ኧረ ልጅቷን ተዉአት፣ ታሳዝናለች» አለ። ኢፍቱ ፊቷ ቀልቷል። በእያንዳንዱ ኳስ ወደ አግዳሚው፣ ወደ ሸዋወርቅ ታያለች። ሸዋወርቅ የጉልበቷን ጨርቅ አጠበቀች።

«ቋሚ ሥራ ይሰጣት የተባለችው ይህቺ ናት?» አሉ ጓድ ተክለሃይማኖት።

«ገና ልጅ ናት» አለች ሸዋወርቅ። ያዘነችላት ይመስል ነበር።

አሥራ አምስት ለስድስት ተሸነፉ። በሦስተኛው ዙር ሸዋወርቅ ተመልሳ ገባች፤ በሕይወቷ እንደዚያ ተጫውታ አታውቅም። ጋሽ መርዳሳ እንዲያዩአት ፈልጋ እጇ ነፋሱን ሳይቀር ቀደመው። ኳሷን ወደ ፊት ትልካለች ሲሏት ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሲሏት ወደ ፊት ላከች። ጉዲቱ ሁለት ጊዜ በባዶ አየር ላይ ዘላ ወረደች። አሸነፉ።

ከጨዋታው በኋላ በቧንቧው ሥር ፊታቸውን ሲታጠቡ ጉዲቱ ቀረበቻት።

«ያንቺን ማወቅ አልቻልኩም» አለች እየሳቀች። «ያቺ ልጅ ግን ሳታቀብል በፊት ትነግረኛለች። አገጯን አላያችሁትም? ያስተማራት ሰው እንዴት አልነገራትም?»

ሸዋወርቅ ውሃውን ፊቷ ላይ ረጨች።

ለምሳ በእርሻው ክበብ የተጠበሰ ዓሣ ቀረበ። የዝዋዩ አሠልጣኝ ፈይሳ የተባለ ቀጭን ጎልማሳ ነው። ከእነ ጓድ ተክለሃይማኖት ጋር ተቀምጦ ሸዋወርቅንም የቡድኑ አምበል ስለሆነች አስጠራት።

«ጉዲቱ ናዝሬት መጥታ የማታ ትምህርት መማር ትፈልጋለች። አልይዛትም» አለ። «ግን በባዶ አልሰጥም። ሰው በሰው ነው።»

«ይገባናል» አሉ ጓድ ተክለሃይማኖት። «በእሷ ደረጃ ያለች አንዲት ጸሐፊ እንሰጣችኋለን። ታይፕ አሳምራ ነው የምትመታው።»

«ታይፕ ለመረብ ኳስ ምን ያደርግልኛል፣ ጓድ? እኔ የጎደለኝ አቀባይ ነው።» ፈይሳ በአገጩ ወደ ሸዋወርቅ አመለከተ። «ቤት ከነውሃው አለ። ለቤተሰቧም ይበቃል።»

ሸዋወርቅ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው። ወደ ጋሽ መርዳሳ አየች። አሁን አይሆንም ይላሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው የዓሣውን አጥንት በጣታቸው ይለቅማሉ። አንዱን አወጡ። ሌላውን አወጡ።

«ነገሩ መጥፎ አይደለም» አሉ ጓድ ተክለሃይማኖት። «ጉዲቱ በሸዋወርቅ ቦታ ትገባለች። ክፍቷ መደብ ለልጅቷ ትቀራለች። ሁለቱንም አገኘን ማለት ነው። ችግሩ ግን ልጅቷ ናት። በዛሬው ጨዋታዋ እኔ አልፈርምላትም፣ መርዳሳ። ቡድኑን ያለ አቀባይ ልናስቀረው ነው?»

«እና?» አለ ፈይሳ።

«በግድ አናዛውርም። የሸዋወርቅ ፈቃድ ነው። እስከ ነገ ጠዋት ታስብበት። አልሄድም ካለች ጉዲቱ ትቀራለች። ልጅቷም በዚህ ሁኔታዋ አትሆንም። መደቧን ለማሸጊያ ክፍል እንሰጣለን፤ በሉ፣ ባለን እንጫወታለን።»

ወደ መኪናው ሲሄዱ ሸዋወርቅ ጋሽ መርዳሳን ደረሰችባቸው።

«ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? ሐሙስ ዕለት ሰው ከውጭ ይምጣ ያልሽው አንቺ ነሽ። ሰው ሲመጣ ሰው እንደሚሄድ አላሰብሽም?»

«እኔ እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም።»

«እኔም አላሰብኩም፣ ሸዋዬ» አሉ። ቆም ብለው ጥቂት ሳሉ። የመኪናውን ብረት ይዘው ወጡ።

እስከ መቂ ሸዋወርቅ ከጋቢናው ጀርባ ተደግፋ ነገሩን ታሰላስላለች። ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም። ነገ ጠዋት አልሄድም ማለት ብቻ ነው። ጉዲቱ ዝዋይ ትቀራለች፤ ኢፍቱ መደቧን ታጣለች፤ የአቀባይነቱ ቦታ፣ ሳቁም፣ «ኢንተለ ኮ»ም ወደ እሷ ይመለሳሉ። ለዚህ ሁሉ ዝም ማለት ይበቃል። ዝም ማለት ደግሞ ለአምስት ወር ችላበታለች።

ሞጆ ኬላ ላይ ፈታሾች ሁሉንም አስወረዷቸው። ጓድ ተክለሃይማኖት ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ኬላው ጎጆ ሄዱ። ፀሐይ ከግራሮቹ በላይ አዘቅዝቃለች። ኢፍቱ ኳሷን በሁለት እጇ አቅፋ ከሌሎቹ ተለይታ ቆማ ነበር። ምሳ አልበላችም። ትንሽ ቆይታ መጣች።

«እትዬ ሸዋዬ።»

«አቤት።»

«ጉዲቱ በምን አወቀችብኝ? አምስቱንም አወቀች። ጋሽ መርዳሳን ብጠይቃቸው ዕድል ነው አሉኝ። ዕድል አምስት ጊዜ ይሆናል?»

ሸዋወርቅ ወደ ኬላው ጎጆ አየች። ኢፍቱ ኳሷን ከደረቷ ወደ ሆዷ ዝቅ አደረገች።

«ከነገ ጀምሮ አልመጣም። አክስቴ ወንጂ ነይ ብላኛለች፤ እሷ ጋ እሠራለሁ። ላንቺ ሳልነግርሽ መቅረት ነውር ስለሆነ ነው። ስንት ጠዋት ደክመሽብኛል።»

ሸዋወርቅ ኳሷን የያዙትን እጆች አየች። አውራ ጣቶቹ ወደ ውስጥ፣ ሌሎቹ ተበትነው፤ የአያያዙ ዘዴ የራሷ ነበር። የእግሩ አቋቋም፣ የቀኝ ትከሻው ቀደም ማለት ሳይቀር የእሷ ነው። ጋሽ መርዳሳ ዛሬ ጠዋት የሳቁት በእሷው እጅ ነበር። አገጩ ብቻ ነው የኢፍቱ። ጉዲቱም በዝዋይ ቧንቧ ሥር ቆማ ያስተማራት ሰው እንዴት አልነገራትም ስትል፣ ሳታውቀው የጠራችው ሸዋወርቅን ነው።

ቅናቱ አልለቀቃትም። እዚያው ደረቷ ላይ፣ እንደተቀመጠ ነው። ቢሆንም እጇ ተነሳና በሁለት ጣቷ የልጅቷን አገጭ ይዛ ዝቅ አደረገችው።

«እዚህ ጋ ነው» አለች። «ወደ ኋላ ልትልኪ ስትይ ይሄ ይነሳል። ወደ ፊት ስትልኪ አይነሳም።»

ኢፍቱ ዐይኗ ፈጠጠ። «ዛሬ ነው ያየሽው?»

«አይደለም። ቆይቷል።»

ኢፍቱ አየቻት። ሸዋወርቅ ዐይኗን አልሰበረችም፤ የሚመጣውን ለመቀበል ጠበቀች። ልጅቷ ግን ሌላ ነገር ጠየቀች።

«ዝዋይ ትሄጃለሽ አሉ። እውነት ነው?»

«ማን አለሽ?»

«ፀዳለ።»

«ፀዳለ ብዙ ትላለች። የትም አልሄድም። ቦታዬን ከፈለግሽው እዚሁ ቆሜ እያየሁ ትቀሚኛለሽ። ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሜዳ ላይ ጠብቂኝ። አሁን ኳሷን ስጪኝ።»

ተቀበለቻትና አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ፀዳለ ሳይነግሯት ገብቷት ከኢፍቱ ጀርባ ዞራ ቆመች። ጓድ ተክለሃይማኖት ከጎጆው ወጥተው ወረቀታቸውን እያጠፉ ሲመጡ ቆም አሉ። ለመደቧ የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው፤ ሸዋወርቅ መምጣታቸውን አየች። ኳሷን ከፍ አድርጋ ወረወረቻት።

ኢፍቱ ከኳሷ ሥር ገባች። አገጯ አልተነቃነቀም። ኳሷ የት እንደምትሄድ ሸዋወርቅ እንኳ አላወቀችም፤ ወዲያው ከኋላ በኩል የፀዳለ መዳፍ ጮኸ።

ከመኪናው አጠገብ ጋሽ መርዳሳ ሳቁ። ሳቁ ከሆዳቸው ተነስቶ ሳል ሆኖ አለቀ። ሸዋወርቅ ወደ እሳቸው አላየችም።

«ድገሚው» አለች።