በለቀማ ወር የመጡ አሰልጣኝ

«እንዴት ነው ሰውየው፣ ለእኛ ይሆናል?» አለኝ ባጃጅ ነጂው ፍቅሩ። ከወር ወዲህ ሚዛን ከተማ ውስጥ ሰው ሰላም የሚለኝ በዚህ ጥያቄ ነው።

«ይሆናል» አልኩት።

«አንተው ታመጣለህ፣ አንተው ይሆናል ትላለህ። ተጫዋቹም ዳኛውም አንተ!»

እውነቱን ነው። አሰልጣኝ ኃይለሚካኤልን ያስመጣሁት እኔ ነኝ። ሃንጋሪ ሰባት ዓመት ስፖርት ሳይንስ ተምሬ ስመለስ ክለባችን ረዳት አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረኝ፤ ወዲያው ደግሞ ክለቡ ምን ዓይነት ዋና አሰልጣኝ እንደሚያስፈልገው ጥናት እንዳቀርብ ጠየቀኝ። አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩ። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ዋንጫ ያነሱት ትልቅ ሰው ያንን አንብበው መጡ። አሥራ ስምንት ዓመት ያሰለጠኑን ጋሽ ማቴዎስ ፊሽካቸውን አስረክበው ወደ ቡና ማሳቸው ሄዱ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ልምምድ ላይ ሰባት ተጫዋቾች ቀሩ። አሰልጣኙ የሰባቱን ስም በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ።

«ነገ ጠዋት ያልመጣ ከእንግዲህ አይምጣ። ሄደህ ንገራቸው።»

እሑድ ከቴፒ ጋር ጨዋታ አለን። ሰባቱ ከተባረሩ ቡድን የለንም። ለእነሱ ደግሞ ከዚህ ክለብ ሌላ ክለብ የለም።

የት እንዳሉ አውቅ ነበር። ፍቅሩ ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ ዳር አወረደኝ፤ የቀረውን በእግሬ ገባሁ። በአምበላችን በተረፈ እናት ማሳ ውስጥ ሰባቱም ቅርጫት አንግተው ቀይ ቀዩን ቡና ይለቅማሉ። ጋሽ ማቴዎስም አሉ።

ደቦ ነው። ዛሬ በአንዱ ማሳ፣ ነገ በሌላው። ጋሽ ማቴዎስ ቡድኑን ይዘው የኖሩት በዚህ ነበር፤ በለቀማ ሰሞን ልምምዱን ወደ ማሳው ያመጡታል። እስከ ስድስት ሰዓት ይለቀማል፣ ከዚያ መንደሩ ሜዳ ላይ ኳስ። እኔም በአሥራ ሰባት ዓመቴ ጣቶቼ እስኪጣበቁ ከእነሱ ጋር ለቅሜአለሁ።

«ኧረ ሃንጋሪ መጣ!» አለ ተረፈ። «ቅርጫት ስጡት!»

«አረንጓዴውን እንዳይለቅምብን ብቻ» አለ ሌላው፤ ሳቁ።

ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩላቸው። ሳቁ ቆመ።

«እናቴ ብቻዋን ናት» አለ ተረፈ። «ይህ ዝናብ ሁለት ቀን ከደበደበው ፍሬው መሬት ነው። እነዚህ ለእኔ ሲለቅሙ ውለው ነገ በእነሱ ማሳ ልቅርባቸው? ምን ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ? አንተ ታውቀው የለም እንዴ፣ ፍሬአብ?»

ጋሽ ማቴዎስ ሰውየውን የሚያሙልኝ መስሎኝ ነበር። ቢያሙልኝ ደስ ባለኝ።

«ሰውየው ጎበዝ ናቸው» አሉ። «ባለፈው እሑድ አየሁ። ተከላካዮቹ ቀና ብለው አይተው ማቀበል ጀምረዋል። እኔን አሥራ ስምንት ዓመት አቅቶኛል።» ቅርጫታቸውን ጆንያው ውስጥ ገለበጡ። «ስለ ደቦው ነግረሃቸዋል?»

ወረቀቱን አጣጠፍኩ።

«በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ለምን አመጣህ ብዬ ጠይቄህ አላውቅም፣ ልጄ። ይህን ግን እጠይቅሃለሁ።»

ከሰዓት በኋላ አሰልጣኙን ካረፉበት ሆቴል በረንዳ ላይ አገኘኋቸውና ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ከዚያ ጥናቴን ከቦርሳቸው አውጥተው ዘጠነኛው ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «በጥቅምትና በኅዳር ተጫዋቾች ከልምምድ ይቀራሉ፤ ምክንያቱ የዲሲፕሊን ጉድለት ነው» ይላል።

«ይህን ስትጽፍ ደቦውን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ለቅሜበታለሁ።»

«ታዲያ?»

«አፈርኩ፣ ኮች። ተጫዋቾቹ ቡና የሚለቅሙበት ክለብ ነው ብዬ ብጽፍ የሚመጡ አልመሰለኝም።»

ዝናቡ ጣሪያውን መምታት ጀመረ። እሳቸው ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጡ።

«ሜዳው በየትኛው በኩል ውኃ እንደሚይዝ ጽፈሃል። ዝናቡ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጽፈሃል። ሰዎቹን ግን ደበቅክብኝ። ሰባት ልጅ በአንተ አንድ መስመር ላባርር ነበር።»

የስም ዝርዝሩን ከእጄ ወሰዱና ሰባቱንም ስም ሰረዙ።

«ለቀማው እስኪያልቅ ከሰዓት እዚያው መንደሩ ሜዳ ላይ እንሠራለን። ጋሽ ማቴዎስን እኔው ሄጄ አናግራለሁ።»

እፎይ ልል ስል ከተሰረዙት ስሞች በታች አንድ ስም ጨመሩ፤ የእኔን።

«ያረፈደ ተጫዋች እጠብቃለሁ» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ግማሹን እየነገረኝ ግማሹን ከሚውጥ ረዳት ጋር ግን መሥራት አልችልም። ለክለቡ ቢሮ ነገ አሳውቃለሁ።»

አልተከራከርኩም። ሀሳባቸውን ለማስቀየር ብሞክር ኖሮ ምን እንደምል እንኳ አላውቅም ነበር።

ፍቅሩ ባጃጁን ከሆቴሉ በር አቁሞ ሸራውን አውርዶ ይጠብቀኛል።

«እህስ? ሰውየው ይሆናል?»

«ይሆናሉ» አልኩት። ያን ቃል ሳልጠራጠር ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ወዴት ላድርስህ ታዲያ?»

ወደ ለቀማው ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ግን የነገው ደቦ በማን ማሳ እንደሆነ ተረፈን አልጠየቅኩትም።