ከአልጋ ስር የተገኘው ነጭ ዱቄት

ሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ የወደቀባትን የኮት ቁልፍ ፍለጋ ተንበርክካ ከአልጋዋ ስር ብታይ፣ በቁልፉ ፈንታ አንዲት ትንሽ የሻይ ሰሃን አገኘች። ሰሃኗ ላይ ነጭ ዱቄት ተደልድሎ ተቀምጧል። የተደፋ ወይም የተበተነ አይመስልም፤ አንድ ሰው ጊዜ ወስዶ በጣቱ ያስተካከለው ነው። አቀርቅራ አሸተተችው። ምንም አይሸትም። ይሄ ደግሞ ይባስ አስደነገጣት። የአይጥ መድኃኒት እንኳ የራሱ ሽታ አለው፤ ጭራሽ የማይሸት ነገር የጤና ነው?

በዚያ ቤት ደግሞ የሽታ ነገር እንደ ዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። ባለፈው ሐሙስ የሆቴሉ ተቆጣጣሪ ለናሙና የወሰደችውን ኮት ይዛ ተመልሳ መጥታ፣ "ስፌቱን አልነቅፍም፣ እጅሽ ይባረክ። ግን ኮቱ እርጥበት እርጥበት ይሸታል። የእንግዳ ሻንጣ ተቀባይ እንዲህ እየሸተተ በር ላይ አይቆምልኝም" ብላት ነበር። ትእዛዙ አርባ ኮት ነው፤ አስራ ስድስቱ ተሰፍተው ተሰቅለዋል። "የፊታችን ሐሙስ ጠዋት መጥቼ አንድ በአንድ አሸታቸዋለሁ። ከሸተቱ ቀሪውን ጨርቅ ለሌላ ሰፊ እሰጣለሁ" አለችና ሄደች። ልብስ ሰፊዋ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሱሪ ስታሳጥርና ዚፕ ስትቀይር ኖራ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሲገባላት የመጀመሪያዋ ነው።

ሽታው መቼ ጀመረ ለሚለው የማንንም ምክር አልጠየቀችም፤ በጣቷ ቆጥራለች። አማቷ ሻንጣቸውን ይዘው መጥተው ትንሿን ክፍል ከያዙ ወር ከሁለት ሳምንት። ሽታው ከጀመረ ወር ከአንድ ሳምንት። ይህንኑ ከሦስት ሳምንት በፊት ለባሏ ነግራው ነበር።

"ሽታው ከእናትህ ጋር ነው የመጣው፤ በል ፍረድ!"

ባሏ የአውቶብስ ሹፌር ነው። ቀኑን ሙሉ የተሳፋሪ ጭቅጭቅ ሰምቶ ስለሚገባ፣ ቤት ሲደርስ ጆሮውንም ከሞተሩ ጋር አጥፍቶ ነው። "የእኔን አውቶብስ ብታሸቺ ኖሮ ይሄ ሽቶ ነው ትዪ ነበር" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እንግዲህ ሰሃኗን ካገኘች በኋላ ዝም ብሎ መቀመጥ የለም። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ በካልሲ የተቋጠረ ከሰል አወጣች። ጫማ መደርደሪያው ውስጥ ለሁለት ተሰንጥቆ ጨው የተነሰነሰበት ሎሚ። ከመመገቢያው ጠረጴዛ ስር ሌላ ሰሃን፣ ከበሩ ኋላ ሌላ። ሁሉንም እንዳለ በቦታው መልሳ፣ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ ዘንድ ሮጠች። ሰፈሩ ይህችን ፀጉር ሠሪ ሬዲዮ ይላታል፤ ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ፀጉሩን የተሠራ ሰው አይጠይቅም።

"ነጭ ዱቄት?" አለች ሬዲዮ፣ የደንበኛዋን ፀጉር እንደያዘች።

"ነጭ።"

"ከሰልም?"

"በካልሲ ተቋጥሮ።"

"የማን ካልሲ?"

"የባሌ።"

ሬዲዮ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። "በቃ፣ አለቀ። የልጃቸውን እግር ወደ ራሳቸው እያሰሩት ነዋ!"

"ሎሚም አለ። በጨው።"

ደንበኛዋ በመስታወቱ ውስጥ አፈጠጠች። "ሎሚ ደግሞ ለምን ይሆናል?"

"ትዳር ለማኮምጠጥ ነዋ!" አለች ሬዲዮ፣ ለአፍታ እንኳ ሳታስብ። "እናቴ ትሙት፣ እኔ ብሆን አንድም ሳላስቀር ጠርጌ ነው የምጥለው። በባዶ እጅሽ ግን እንዳትነኪው!"

ማክሰኞን ሙሉ ልብስ ሰፊዋ መርፌ የምትሰካ መስላ አማቷን ስትሰልል ዋለች። ሴትየዋ ምልክት ከሌለው ጠርሙስ አንድ የሚሰነፍጥ ነገር በውሃ በጥብጠው የበሩን እጀታ፣ የመስኮቱን ደፍ፣ የቁም ሳጥኑን ውስጥ ይወለውላሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

"ምን እያሉ ነው እማማ?"

"ምንም፣ ልጄ። እየቆጠርኩ ነው።"

"ምኑን?"

"ቀኑን።"

የልብስ ሰፊዋ መርፌ ጣቷን ወጋት። የምን ቀን? ደግሞስ እኚህ ሰው በቀን ሁለቴ ገላቸውን መታጠብ ከጀመሩ ሰነበቱ። ንጹሕ ሰው ምን ቆርጦት ሁለቴ ይታጠባል?

ረቡዕ ጠዋት አማቷ ሎሚ ሊገዙ ሲወጡ ጠብቃ፣ የላስቲክ ጓንት አጥልቃ ቤቱን አሰሰችው። ሰባት ሰሃን፣ ሁለት ካልሲ፣ ስምንት ግማሽ ሎሚ። ከነሰሃኑ በፌስታል ጠቅልላ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ሰጠችና ጋሪያቸው ጥጉን እስኪዞር ቆማ አየች። ከዚያ እጇን ሦስት ጊዜ ታጠበች።

አማቷ ተመለሱ። ወደ ጫማ መደርደሪያው ጎንበስ አሉ፤ ከበሩ ኋላ አዩ። አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሎሚዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ክፍላቸው ገቡና በሩን ገርበብ አደረጉ። ልብስ ሰፊዋን ከዱቄቱ ይልቅ ይህ ዝምታ አስፈራት።

ወደ ስድስት ሰዓት ላይ የቤቱ ቆርቆሮ ሲግል ሽታው ተነሣ። የሰሞኑ ለካ ግማሹ ነበር! የተረሳ እርጥብ ካልሲ፣ የሻገተ ዳቦና የቦይ ውሃ አንድ ላይ የተቀቀሉ ይመስላል። አፍንጫዋን የመጀመሪያው ኮት ብብት ውስጥ ከተተች። አራተኛውን፣ ዘጠነኛውን። ሁሉም ያው። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተቆጣጣሪዋ እዚህ ቆማለች።

የአማቷን በር ሳታንኳኳ ከፈተችው። ሴትየዋ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ልብሳቸውን እያጣጠፉ ሻንጣ ውስጥ ይከታሉ። ልብስ ሰፊዋ ግን ዓይኗ የወደቀው ከአልጋው ስር ነው። እዚያም አንዲት ሰሃን አለች፤ እዚያም ነጭ ዱቄት። ይህችን ክፍል መፈተሽ ፈርታ ነበር። ግራ ገባት። ለራሱ መተት የሚያደርግ ሰው አለ?

"ይሄ ምንድን ነው፣ እማማ? እውነቱን ይንገሩኝ።"

"ሶዳ ነው። ኬክ የሚነፋው። ሽታ ይመጥጣል፤ ከሳምንት በላይ ግን አይሠራም፣ ይቀየራል። ቀን የምቆጥረው ለሱ ነው።"

"ከሰሉስ?"

"እሱም ይመጥጣል፤ ካልሲው ልብስ እንዳያጠቁር ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አቼቶ ነው። ሆስፒታል ሠርቻለሁ ስልሽ ምን መስዬሽ ነበር?"

"ነርስ።"

"እጥበት ክፍል ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት የሰው አንሶላ አጥቤያለሁ።"

ልብስ ሰፊዋ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች። "ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

አማቷ አንድ ቀሚስ ሁለት ጊዜ አጠፉ። "ይሄ ግድግዳ ስስ ነው። ሽታው ከእናትህ ጋር ነው የመጣው ስትዪው ሰማሁ። እኔም እውነቷን ቢሆንስ አልኩ። አርጅቻለሁ፣ የገላዬ ሽታ ለእኔ ላይታወቀኝ ይችላል። እናም መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። የመጀመሪያዋን ሰሃን እዚህ አስቀመጥኩ፤ ሁለቴ እየታጠብኩ ሳምንት ጠበቅሁ። አልለቀቀም። ከዚያ በኋላ ነው አፍንጫዬን ተከትዬ የሄድኩት።"

"የት ደረሱ?"

በአገጫቸው ወደ ሥራ ክፍሉ ጠቆሙ። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ስር፣ ልክ ኮቶቹ ከተሰቀሉበት በታች፣ የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ አለ።

እዚህ ላይ ስለዚህ ጆንያ መናገር የግድ ነው። ልብስ ሰፊዋን ሙያውን ያስተማሯት ሰውዬ በከሰል ካውያ የሚተኩሱ ነበሩ፤ ፍም ዘሎ ቁርጥራጩን እንዳያቃጥል ሱቃቸውን ሲዘጉ አንድ ኩባያ ውሃ ያርከፈክፉበታል። የእሳቸው ሱቅ ግድግዳ አልነበረውም፤ ንፋሱ ሌሊቱን ያደርቀዋል። ተማሪያቸው ካውያው የኤሌክትሪክ ሆኖም፣ ቤቷ አራት ግድግዳ ኖሮትም፣ ያችን ኩባያ ውሃ አንድ ቀን አስታጉላ አታውቅም። ድሮ ጆንያው ትንሿ ክፍል ውስጥ ከተከፈተ መስኮት ስር ይቀመጥ ነበር። አማቷ ሲመጡ ቦታ ለመልቀቅ ወደ ጠረጴዛው ስር ያዛወረችው ራሷ ናት።

"ውሃውን ስታርከፈክፊ ባየሁ ቁጥር ምላሴን እነክሳለሁ" አሉ አማቷ። "ሙያሽ ነው። ደግሞ እኔ በሰው ቤት..."

"በማን ቤት?" ብላ ተነሣች ልብስ ሰፊዋ። መልስ አልጠበቀችም፤ ጆንያውን ጎተተችው። ታቹ ጠቁሮ ሻግቷል። ለሁለት አንጠልጥለው ሲያወጡት ሬዲዮ በሯ ላይ ቆማ አፍንጫዋን ይዛለች። "ተገኘ እንዴ? መተቱ እሱ ነው?"

"እሱ ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ። "የራሴው መተት።"

ከዚያ አዛዧ አማቷ ሆኑ። ወለሉ ላይ ሶዳ ነስንሰው ሊጠረግ እስኪደርስ ማንም እንዳይረግጠው አስጠነቀቁ። ኮቶቹ ተገለበጡ። አንድ እጅ አቼቶ በአራት እጅ ውሃ፤ ጨርቁ ተነክሮ በደንብ ተጨመቀ፤ ገበሩና ብብቱ ተጠረገ።

"ውሃ እንዳይበዛ፣ እማማ! የደረቱ ውስጥ ጨርቅ ይጨማደዳል።"

"እሺ፣ በዚህ አንቺ አዛዥ ነሽ።"

ግቢው ጥላ ውስጥ ንፋስ እንዲያገኛቸው ተሰቀሉ። ልብስ ሰፊዋ ግን ጥርጣሬ ልማድ ሆኖባታል። "ነገ ሰላጣ ሰላጣ ቢሸቱስ?"

"ሲደርቅ ይሄዳል።"

"ባይሄድስ?"

"ባይሄድ ሻንጣዬ ዝግጁ ነው" አሉ ሴትየዋ፣ ጨርቃቸውን እየጨመቁ።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ተቆጣጣሪዋ መጣች። አንገቱን፣ ብብቱን፣ ገበሩን እያሸተተች ከኮት ወደ ኮት አለፈች። ሰባተኛው ላይ ቆመች።

"ምን ቀባሻቸው?"

"ምንም።"

"ሽቶ?"

"ኧረ ምንም!"

"ምንም አይሸቱም እኮ!" አለች ተቆጣጣሪዋ፣ እንደ ጥፋት። ከዚያ ዓይኗን ከጠረጴዛው ስር ጣል አደረገች። "ያ ነጭ ዱቄትስ?"

"እሱን አማቴን ይጠይቋቸው" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ቀና ብላ። "ሠላሳ ዓመት የሠሩበት ሙያ ነው።"

ተቆጣጣሪዋ ስምንተኛውን አነሣች። አስራ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ የሃያ አራቱን ጨርቅ ከመኪናዋ አስወረደች። ስትወጣም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለ ሆቴሉ ምድር ቤት አንድ ነገር አማቷን ጠየቀቻቸው።

አመሻሽ ላይ ልብስ ሰፊዋ መቀሱን ሰቀለች፣ ካውያውን ነቀለች፣ እጇም ሳያማክራት ኩባያውን በውሃ ሞላ። አዲሱ ጆንያ በር ላይ፣ ደረቅ እንደሆነ ተቀምጧል። አጠገቡ ደርሳ ኩባያውን ዘንበል ልታደርግ ስትል፣ ከትንሿ ክፍል፣ በስሱ ግድግዳ በኩል፣ ሳል ተሰማ።

ቆመች። ኩባያውን አየችው፤ ጆንያውን አየችው። ከዚያ ውሃውን ራሷ ግጥም አድርጋ ጠጣችው።