አንድ በር ያለው ቤት

ሀሌሉያ ሳፋው ውስጥ ጥቂት በረኪና ጠብ አደረገችና የአባቷን እግር ቀስ ብላ ነከረችው። ለዓመታት ያበጠው እግር ዛሬ እንደ ፍም ይፋጃል። ትናንት ከደጋው ገረሴ ወደ ቆላው ሲቀላ ሲወርዱ መንገድ ላይ ነው የእግራቸው ምች የተነሣባቸው።

ከመጋረጃው ወዲያ፣ ሳሎን ውስጥ፣ በርናባስ እሷን ለጋብቻ እንዲጠይቁለት የላካቸው ሽማግሌዎች ቆመዋል። የልጅቷ አባት ካላስቀመጣቸው አይቀመጡም።

«ተቀመጡ እንጂ፣ በሞቴ» አለ አጎቷ ባፈና፣ የአባት ወንበር ላይ ሆኖ።

ወንበሮቹ ሲጥ ሲጥ አሉ። አባቷ አቶ ኤርጫፎ ዓይናቸውን ከውሃው አላነሱም።

ነገሩን ጠዋት የቆረጠው ባፈና ነበር። «ዝሆኔ እርግማን ነው የሚሉ ሰዎች ናቸው። ይህን እግር አይተው ልጅ ሊወስዱ? ዛሬ አባቷ እኔ ነኝ፤ አንተ ከጓዳ ሆነህ ስማ» ብሎ ወንድሙን ጓዳ አስገባቸው። እሷም ዝም አለች። በርናባስን ትወደዋለች፤ ስለ አባቷ እግር ግን ነግራው አታውቅም።

ነርሲንግ ስትማር ያነበበችው መጣባት። የደጋው ቀይ አፈር ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ ሰርጎ ይገባል። የሰውነት ጠባቂ ሕዋሳት ያገኙትና በደቃቅ ኬሚካሎች እርስ በርስ ይላላካሉ፤ ጠላት ገባ፣ ድረሱ እንደማለት። የደረሰው ደግሞ ሌላውን ይጠራል። አፈሩ አይወጣም፣ ጥሪውም አያባራም፤ እግሩ የሚያብጠው በዚያ ጥሪ ብዛት ነው። ዘር ቢያግዘው እንኳ ያለ አፈሩ አይመጣም። ታዲያ እርግማኑ የቱ ጋ ነው? እሷ አፈሩን ያልረገጠችው ጫማ ስለነበራት ነው። ጫማውን የገዙላት ደግሞ እኚህ ሰው ናቸው፤ ድንች ማሳቸውን በባዶ እግራቸው እየቆፈሩ።

«እንዲህ ያለች ልጅ አንጾ ማሳደግ ቀላል አይደለም» አሉ ከሽማግሌዎቹ ታላቁ፣ መምህር ተክለወልድ።

«ኧረ ምን ልፋት አለው» አለ ባፈና እየሳቀ። «ከእጄ በልታ ነው ያደገችው።»

እጇ ውሃው ውስጥ ቀጥ አለ። ቀና ስትል አባቷ ፈገግ ለማለት ሲታገሉ አየች፤ ያ ፈገግታ ከሳቁ ይልቅ አንገበገባት። እግሩን አውጥታ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር አደረቀች፣ ቫዝሊን ቀባች፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችው።

«አባ፣ ውሃው መደፋት አለበት።»

«ሲሄዱ ትደፊዋለሽ።»

«አሁን ነው የምደፋው። እርስዎም ይነሡ።»

«ልጄ፣ ጋብቻው ይቀርብሻል።»

«የሚቀር ከሆነ እርስዎን እያዩ ይቅር።»

ከጓዳው ወደ ውጭ የሚያስወጣ ሌላ በር የለም። ሳፋውን በሁለት እጇ ይዛ መጋረጃውን በትከሻዋ ገፋችው። ከኋላዋ የአባቷ ከባድ እርምጃ ተሰማ።

የባፈና ሳቅ ተቋረጠ። «ይሄ… ጎረቤታችን…»

«አባቴ ናቸው» አለች። ውሃው ሳፋው ውስጥ ተናወጠ። «ባፈና አጎቴ ነው።»

መምህር ተክለወልድ የተጠቀለለውን እግር አዩ፤ ከዚያ የሰውየውን ፊት። ቀስ ብለው ተነሡ። ሌሎቹም ተከትለዋቸው ተነሡ። ባርኔጣቸው በእጃቸው ነው፤ ለመውጣት ይሁን እውነተኛው አባት እስኪያስቀምጧቸው ለመጠበቅ፣ ፊታቸው አይናገርም።

አቶ ኤርጫፎ ግድግዳውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ተቀመጡ» አሉ።

ባፈና ወንበሩን ለቀቀ። ከሽማግሌዎቹ ግን ገና ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ የሳፋው ውሃ ብቻ ጫፉን እያለፈ በሀሌሉያ ጫማ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።