የፈረሰው ውልና አሮጌው ማጠፊያ

ቁልፉን ስታዞረው በሩ ያለ ድምፅ ተከፈተ። ደፉ ላይ ቆማ ቀረች። ባለቤቷ በሕይወት ሳለ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ይህ በር «ሲጥጥ» ሳይል ያስገባው ቀን አልነበረም። «ዘይት ቀባው» ስትለው «ነገ» ይላታል፤ «ነገ» እንዳለ አለፈ።

ቤቱን ለአንድ አናጺ የሸጠችው ዝናቡ ሳይገባ ነበር። ቀብድ ተቀብላ፣ ቀሪውን በሁለት ወር ሊከፍላት ተፈራረሙ። ጠበቃ የሆነው የእህቷ ልጅ «አክስቴ፣ ገንዘቡ ሳይጠናቀቅ ቁልፍ እንዳትሰጪ» ብሏት ነበር። ሰውየው ግን «ጣሪያውን ከዝናቡ በፊት ልጠግነው» ሲላት እምቢ ለማለት አንጀቷ አልቻለም፤ ቁልፉን ሰጠችው። አሁን ባንኩ ብድር ከልክሎት ውሉ ፈርሷል።

ሦስቱም ባዶው ሳሎን ውስጥ ተገናኙ። አናጺው የመሣሪያ ሣጥኑን አስጠግቶ እሷን እላዩ ላይ አስቀመጣት።

«ሕጉ ግልጽ ነው» አለ የእህቷ ልጅ። «ገዢ ሲያፈርስ ቀብዱ ለሻጭ ይቀራል። እሷ አፍርሳ ቢሆን እጥፉን ትከፍልህ ነበር።»

«እኔ መቼ አፈረስኩ? ባንኩ ነው እኔን ያፈረሰኝ። የቀየርኩት ሰባት ቆርቆሮስ?»

«ማን ቀይር አለህ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት» አለች።

የእህቷ ልጅ ግንባሩን ያዘ። «አክስቴ፣ ለማን እንደምከራከር ንገሪኝና ወንበሬን ልቀይር።»

«ወንበሩ የታለና?» አለ አናጺው። ሳቁ ግን አፉ ላይ ቀረ። «እትዬ፣ ቀብዱ የአራት ዓመት ልፋቴ ነው። ሚስቴ ገና አልሰማችም።»

ደክሟታል። ዓመቱን ሙሉ የሞት ወረቀት፣ የወራሽነት ወረቀት፣ የሽያጭ ወረቀት ስትፈርም ከርማለች። አሁን ደግሞ እንደገና ደላላ፣ እንደገና ጫማቸውን ሳይጠርጉ የሚገቡ እንግዳ ገዢዎች።

«ከቀብዱ ሌላ ሕጉ ምን ይላል?»

«ውል ሲፈርስ ሁሉም ወደነበረበት ይመለስ ይላል።»

«እንግዲያው ቀብዱን እመልሳለሁ። የቆርቆሮውንም ዋጋ እከፍላለሁ።»

«አክስቴ! ለአንቺም እኮ ያስፈልግሻል።»

«እሱ ደግሞ በሩን ይመልስልኝ።»

«የቱን በር?» አለ አናጺው።

«ማጠፊያውን። አሮጌውን።»

«እትዬ፣ እሱ እኮ የዛገ ነው! ሰፈሩን ነው የሚቀሰቅሰው።»

«አውቃለሁ።»

አናጺው ፊቷን አየ። «እንግዲህ ከሣጥኑ ላይ ይነሱልኝ» አለ። አናጺ ብረት አይጥልም፤ ማጠፊያው ከምስማሮቹ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር።

እስኪጨርስ የእህቷ ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ሰዓቱን ሲያይ ቆየ። አናጺው የመጨረሻዋን ብሎን አጥብቆ ወደ ውጭ ወጣና በሩን ዘጋው። ከዚያ ገፋው።

ሲጥጥ።

«ይኸው ተመለሰ» አለ የእህቷ ልጅ ማህደሩን እያጠፈ። «እንሂድ?»

እሷ ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር።

«አንዴ ድገመው» አለችው አናጺውን፣ ፊቷን ሳትመልስ።