ለክላይቭ የተሠራ ሹራብ

በዚያ መንገድ ላይ ከአንዛክ ቀን በፊት ማሞቂያ የከፈተ ሰው ስሙ በክፉ ይነሣል። ሕግ አይደለም፤ የጻፈውም የለም። ግን ብርዱ በኤፕሪል በሚጀምርባት በአውስትራሊያዋ ካንቤራ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ኤፕሪል ሃያ አምስት ጠዋት የሞቱት ወታደሮች ከታሰቡ በኋላ ማሞቂያው ይከፈታል፣ ከዚያ በፊት የበረደው ሹራብ ይደርባል። ኖሪን ፓስኮ በዚህ ቤት አርባ አራት ዓመት ስትኖር ደንቡን አንድ ቀን እንኳ አላፈረሰችም። ነፍሱን ይማርና ባሏ ሌን በኤፕሪል አጋማሽ እራት ላይ የሱፍ ኮፍያ አድርጎ ይቀመጥ ነበር፤ ደስ ብሎት እንጂ ተቸግሮ አይደለም።

ስለዚህ የልጅ ልጇ ፍሬያ በማርች መጨረሻ ከነሻንጣዋና ከነመስታወት ሣጥኗ ስትመጣ፣ ኖሪንን ያሳሰባት ሣጥኑ ውስጥ ያለው እንስሳ አልነበረም። ከላዩ የተንጠለጠለው አምፖል ነበር።

የፍሬያ እናት ኬሪን፣ የኖሪን ልጅ፣ ነርስ ናት። ዳርዊን ከተማ የስድስት ወር ሥራ አግኝታ ሄዳለች። አባትየው ግለን ከኬሪን ከተለያየ ቆይቷል፤ የሚኖረው ብሪዝበን ነው። ልጅቷ የት ትቀመጥ ሲባል ግለን እዚህ ይሞቃል አለ፣ ኖሪን ደግሞ እኔ እያለሁ አለች። የአሥራ አንድ ዓመቷ ፍሬያ ከትምህርት ቤቷ ላለመለየት አያቷን መረጠች። ግን አንድ ነገር አስቀድማ ተናገረች፤ በቁጣ ሳይሆን ቀጠሮ እንደሚያስይዝ ሰው በእርጋታ። አያቷን የምትጠራት ናና ብላ ነው።

"ናና፣ ክላይቭ ከታመመ ወደ አባዬ እሄዳለሁ። እዚያ ይሞቀዋል።"

ኖሪን ሣቀች። ከዚያ ሌሊቱን ሳትተኛ አደረች።

ክላይቭ ጢማም እንሽላሊት ነው። የሦስት ወር ሕፃን፤ ከነጅራቱ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ጉሮሮው ሥር እሾኻማ ቆዳ አለው፤ ሲናደድ እንደ ጢም ይነፋዋል ይባላል። ኖሪን ግን ሲናደድ አላየችውም። ድንጋዩ ላይ ተጋድሞ አንድ ዓይኑን ከድኖ ይመለከታታል፤ ሌንም ስለ ጡረታ ገንዘብ ዜና ሲያዳምጥ እንዲሁ ነበር።

ኖሪን ከልጅነቷ ጀምሮ ፈሪ ናት። ካውያ ሳትነቅል የወጣች እየመሰላት ከአውቶቡስ ወርዳ ትመለሳለች። ፍሬያ ትምህርት ቤት ስትሄድ መታጠፊያው እስኪሰውራት ድረስ መስኮት ላይ ትቆማለች፤ ከተሰወረች በኋላም ትንሽ ትቆያለች። አሁን ደግሞ ቤቷ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚነድ አምፖል ገባ። እጇን አስጠግታ ስትሞክረው ፈጃት። መጋረጃው የሚርቀው ሁለት ክንድ ብቻ ነው።

ሁለት ቀን አሰበችበት፤ ሦስተኛው ቀን መላው ተገለጠላት። ደንቡ ማብራትን አይከለክልም፣ የሚከለክለው ማሞቅን ነው። ይህ አምፖል ደግሞ ይሞቃል። ስለዚህ ማሞቂያ ነው። ስለዚህ እንደ ማንም ማሞቂያ የአንዛክን ቀን ይጠብቃል። ፍሬያ ትምህርት ቤት ሳለች ፈታችውና በምትኩ ኤልኢዲ አምፖል ከጓዳ አምጥታ አሰረችበት፤ ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ቤት ለቤት እየዞረ የሰፈሩን አምፖል በነፃ ሲቀይር የተረፈ ነው። ከድሮው የበለጠ ይደምቃል፤ ሲነኩት ግን እንደ ቧንቧ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ኖሪን ወደ ኋላ ራቅ ብላ አየችው። ብርሃን አለ፣ እሳት የለም፣ ደንብ አልፈረሰም። እንዲህ ያለ ማስተዋል ከየት እንደሚመጣ ራሷም ገረማት።

ሣጥኑ ውስጥ ሌላ ረጅም የመብራት ዘንግም ነበር። ለአንድ ስንዝር እንስሳ ሁለት መብራት ብክነት ስለመሰላት እሱንም ነቀለችና ሣጥኑን ፀሐይ ወደሚገባበት ወደ ሰሜኑ መስኮት አስጠጋችው። ፍሬያ ዘንጉ ለምን እንደጠፋ ስትጠይቅ፣ እውነተኛ ፀሐይ ከዘንግ እንደሚሻል ነገረቻት። ልጅቷም አመነቻት። የሙቀት መለኪያቸው ደግሞ ዕቃ ሲጓጓዝ ተሰብሯል፤ መብራቱ እንደሆነ ቦግ ብሎ በርቷል። ማን ይጠረጥራል?

በኤፕሪል ሁለተኛ ሳምንት ሣሩ ላይ ውርጭ ጣለ። ትምህርት ቤቱ ለእረፍት ተዘግቶ ስለነበር ፍሬያ ቀኑን ሙሉ ሣጥኑ አጠገብ ትውላለች። ክላይቭ ከድንጋዩ መውረድ ተወ። ኖሪን ምንም ትሁን ምን የበረደውን ፍጥረት ለይታ ታውቃለች፤ ስለዚህ የዚያ መንገድ ሴት ሁሉ የምታደርገውን አደረገች። ሹራብ ሠራችለት።

ከሌን የተረፈ አረንጓዴ የሱፍ ክር ነበራት። ለፊት እግሮቹ ሁለት ቀዳዳ፣ ለጅራቱ ክፍት፣ አንገቱ እሾኹን እንዳይጫነው ላላ ያለ። ሁለት ምሽት ፈጀባት። ስታለብሰው ዝም ብሎ ለበሰላት፤ እሷም እንደወደደው ቆጠረችው። ፎቶውን ለኬሪን ላከችላት። ኬሪን የሆስፒታሉ ሠራተኛ ሁሉ አይቶ እንደሣቀ ጽፋ መለሰች፤ ኖሪን ይህንንም እንደ ሙገሳ ወሰደችው።

በማግሥቱ ክላይቭ አልበላም። ፍሬያ የጣለችለት ፌንጣ አናቱ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ እሱ ዓይኑን አልገለጠም። በሦስተኛው ቀን ቆዳው አመድ መሰለ። ሰኞ ጠዋት ፍሬያ ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ስትመለስ ፊቷ ደርቋል።

"አባዬ ቅዳሜ መጥቶ ይወስደናል" አለች።

ኖሪን መንገዱን ተሻግራ ቪንስ ጋሌያ ጋ ሄደች። መሄድ የነበረባት ከሳምንት በፊት ነው፤ ግን ቪንስ ጋ መሄድ ችግር ነበረው። ማልታ የተወለደው ይህ ጎረቤቷ አርባ ዓመት ሙሉ እንሽላሊትና እባብ ከነፈቃዱ አርብቷል፤ በዚህ ላይ የመንገዱ የማሞቂያ ዘበኛም እሱ ነው። ከኤፕሪል አንድ ጀምሮ ቡናውን ይዞ አጥሩ ሥር ይቆምና የማን ቤት ማሞቂያ ማሽን በውጭ እንደሚያጓራ ያዳምጣል። ያገኘውን ሰው እያወራበት እስከ ገና ድረስ አይለቀውም።

መጣ። ሣጥኑ ላይ አጎንብሶ ብዙ ቆየ። ፍሬያ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

"ኖሪን፣ ይህ የለበሰው ምንድን ነው?"

"ሹራብ ነዋ። በርዶት ነበር።"

"አንቺን የሚያሞቅሽ ሹራቡ ይመስልሻል?"

"ታዲያ ማን ነው?"

"አንቺው ነሽ። እሳቱ ያለው አንቺ ውስጥ ነው፤ ሹራቡ እንዳይወጣብሽ ይይዝልሻል። ይህ ምስኪን ውስጡ ምንም የለውም፤ ከውጭ ካላሞቁት አይሞቅም። አንቺ ብርዱን ነው ጠቅልለሽ ያስቀመጥሽለት።"

ሹራቡን ቀስ ብሎ አወለቀ። ከኪሱ ባወጣው መለኪያ አምፖሉ ሥር ያለውን ድንጋይ ሲለካ አሥራ ስድስት ዲግሪ አለ። ለወይን ጠጅ ጥሩ ነው፣ አለ ቪንስ። ከዚያ አምፖሉን ፈታና መዳፉ ላይ አገላበጠው።

"ይህ ለማንበቢያ ነው። ክላይቭ አያነብም።"

ኖሪን ፍሬያን ማየት አልቻለችም። ካርቶን ውስጥ የደበቀችውን የድሮ አምፖል አምጥታ ለቪንስ ሰጠችው፤ ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። 

"እኔ ነኝ የቀየርኩት። ቤቱ እንዳይቃጠል ፈርቼ ነው። እና ደግሞ... ገና አንዛክ አልደረሰም።"

ፍሬያ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ወረቀትና እርሳስ አምጥታ ቪንስ የሚናገረውን መጻፍ ጀመረች።

የሣጥኑ አንዱ ጫፍ፣ አምፖሉ ሥር ያለው ድንጋይ፣ አርባ ዲግሪ መድረስ አለበት። ሌላው ጫፍ ከሃያ አምስት ብዙም አይለፍ፤ የሞቀው እንስሳ የሚሸሽበት ይፈልጋል፣ መምረጡን ለእሱ ተዉለት። አምፖሉ እንዳይነካው በሽቦ ይከለል፤ ሙቀቱ ሲያልፍ ራሱ የሚቀንስ መቆጣጠሪያም ይግባለት። ረጅሙ ዘንግ ደግሞ ዋናው ነገር ነው፤ በዓይን የማይታይ ጨረር አለው፣ በማደግ ላይ ያለ እንሽላሊት ያለ እሱ አጥንቱ እንደ ጎማ ይተጣጠፋል። የመስኮት መስታወት ብርሃኑን ያሳልፋል እንጂ ጨረሩን ያስቀራል፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ እዚያው መስኮት ሥር ይቀቅለዋል። ሁሉም ለአሥራ ሁለት ሰዓት ይበራል፣ ማታ ይጠፋል። ዘንጉ በዓመት አንድ ጊዜ ይቀየራል፣ ቢበራም።

"ቢበራም?" አለች ኖሪን። የሚሠራ መብራት መጣል አንገበገባት። "እየበራ ሥራ ያቆመ በምን ይታወቃል?"

"አይታወቅም። ቀኑን ጽፈሽ ትለጥፊበታለሽ። ሰውም ላይ ቢለጠፍ ጥሩ ነበር።"

ከዚያ ቪንስ መለኪያውን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተነፈሰ። ክፍሉ ራሱ ጠዋት ጠዋት አሥር ዲግሪ ከሆነ ሣጥኑ ብቻውን አይወጣውም፤ ሜዳ ላይ እንደማንደድ ነው አለ። እንዲህ የደከመ ሕፃን ጤናው እስኪመለስ ክፍሉ ከአሥራ ስምንት እንዳይወርድ።



"ማሞቂያውን ነው የምትለኝ" አለች ኖሪን።

"እሱን ነው።"

"ስምንት ቀን ይቀረዋል እኮ።"

"መቁጠር እኔም እችላለሁ።"

"ያንተዎቹስ? እንሽላሊቶችህ?"

ቪንስ ጫማውን ማየት ጀመረ። የእነሱ ክፍል ከማርች ጀምሮ ይሞቃል፤ እንስሳ ደንብ አያውቅም፣ አለ።

"አንተስ የት ነው የምትቀመጠው?"

"ከእነሱ ጋር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሕፃን ልጅ ፊት ይህ አይጠየቅም" አለ ቪንስ፣ መለኪያውን ለፍሬያ ትቶላት ወጣ።

ኖሪን ረጅሙን ዘንግ መልሳ ሰካችው፤ ከዚያ ማሞቂያውን ከፈተችው። ውጭ ያለው ማሽን መንገዱ ሁሉ እስኪሰማው ድረስ አጓራ፤ ፊት ለፊት ካሉት ቤቶች የአንደኛው መጋረጃ ተገለጠ። ሁለት ጊዜ ልታጠፋው እጇን ዘርግታ መለሰች። ማክሰኞ ፖስታ አምጪው ገና ሞተሩን ሳያቆም "ለእንሽላሊቱ ነው" አለችው። ሰውየው ምንም አልጠየቃትም ነበር። ረቡዕም ቆሻሻ ማጠራቀሚያዋን ስታወጣ ለጎረቤቶቿ ነገረቻቸው። በማግሥቱ ሁለቱ እንሽላሊቱን ለመጎብኘት መጡ፤ ከገቡ በኋላ ካፖርታቸውን አውልቀው አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጡ። ክላይቭን ያዩት ስንብት ላይ ነው።

የዕድሜ ልክ ፍርሃቷም በመጨረሻ ሥራ አገኘ። ሽቦውን፣ ሶኬቱን፣ መጋረጃውን በየግማሽ ሰዓቱ ትመረምራለች፤ ፍሬያ ከኋላዋ መለኪያውን ይዛ ትከተላታለች። እንደ ሁለት ተረኛ ነርሶች ሆኑ፣ ግን አይጨዋወቱም። ልጅቷ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር አውጥታ ግድግዳው ጥግ አቁማዋለች። ኖሪን ባለፈች ቁጥር ሻንጣውን ላለማየት ፊቷን ታዞራለች።

ረቡዕ ከሰዓት የክላይቭ ቆዳ ከአመድ ወደ ደረቅ ሣር ቀለም ዞረ። ሐሙስ አንድ ፌንጣ በላ። ዓርብ ጠዋት አሥራ አንድ በልቶ አሥራ ሁለተኛው ሲያመልጠው ጢሙን ነፋ። ፍሬያ በደስታ ፈነደቀችና አያቷን ክንዷን ይዛ ጎተተቻት፤ ወዲያው መኳረፋቸው ትዝ ሲላት ለቀቀቻት።

ያኔውኑ ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ኖሪን ወጥ ቤት ሳህን እያጠበች ነበር። ቧንቧውን ዘጋችው።

"ድኗል" ትላለች ልጅቷ። "አዎ፣ ይበላል... አይ፣ አትምጣ አባዬ... እዚያ ሞቅ ያለ መሆኑንማ አውቃለሁ። ግን ናናን ብቻዋን መተው አይቻልም። ይህ ሁሉ ጎረቤት ለእንሽላሊቱ እያለ እየመጣ ክላይቭ ከሌለ ምን ልትላቸው ነው? ማሞቂያውን ወዲያው ታጠፋዋለች፣ ኮፍያ አድርጋ ነው የምትቀመጠው። አንድ ሰው ሊጠብቃት ይገባል።"

ኖሪን እርጥብ ሳህን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። ይቅርታ ትሰማለሁ ብላ ነበር፤ ወይም ናፍቆት፣ ወይም አያቴን እወዳታለሁ። የሰማችው እምነት የማይጣልባት አሮጊት መሆኗን ነው። በሰባ አንድ ዓመቷ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የሰጣት ሰው ትዝ አላላትም።

ፍሬያ ገባች። የአያቷን ፊት አየች፣ የተዘጋውን ቧንቧም አየች፣ ከዚያ ጠየቀች።

"ሞቃቱ ጫፍ ስንት ነው?"

"አርባ።"

"አሁን የታየ ነው?"

"ከአሥር ደቂቃ በፊት።"

"ሂጂ እንደገና እዪው።"

ኖሪን እጇን አድርቃ ሄዳ አየችው። አርባ አንድ ነበር። ተጨማሪዋ አንድ ዲግሪ አሳሰበቻት፤ ተመልሳ ይህን ጊዜ ሳትደብቅ ለፍሬያ ነገረቻት።